ፈርቶ የቀረ መንገደኛ ገንዘቡ ይመለስለታልን?



በዚህ መጽሔት በየዓመቱ ስለ ጤና፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ከዋክብትና ስለ ታሪክ ብዙ ቁም ነገር ሲጻፍ ኖሯል። እኔ ለዘንድሮ የመረጥሁት ርእስ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ይኸውም አንድ ሰው ለመርከብ ጉዞ ገንዘብ ከከፈለ በኋላ ለሕይወቱ ፈርቶ ጉዞውን ቢተው፣ የከፈለው ገንዘብ ይመለስለታል ወይስ አይመለስለትም የሚል ጥያቄ ነው። ምናልባት ከእናንተ አንዳንዱ «እኛ የባሕር በር በሌለው አገር ተቀምጠን ስለ መርከብ ሽርሽር ማወቅ ምን ያደርግልናል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ጥያቄው በቤታችን ደርሶ አባቴን ከአያቴ፣ አያቴንም ከአክስቴ ጋር ብዙ ያከራከረ ስለ ሆነ፣ እኔም መልሱን ለማግኘት ብዙ ቀን ስለ ደከምሁበት፣ የተማርሁትን ለእናንተ ማካፈል ይገባኛል ብዬ አሰብሁ። ደግሞም ነገሩ የመርከብ ብቻ አይደለም። ለአዳራሽ ኪራይም ሆነ ለአውቶቡስ ቲኬት ቀድሞ የሚከፍል ሰው ሁሉ ይህን ትምህርት ይፈልገዋል።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

1ኛ. ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ

አባቴና ታናሽ እኅታቸው፣ ማለት አክስቴ፣ የተወለዱት በአሰብ ነው። አያቴ (የአባቴ አባት) በዚያ ወደብ ዕቃ ቆጣሪ ሆነው ብዙ ዘመን ሠርተዋል። አክስቴ ዛሬ የምትኖረው በጀርመን አገር ሲሆን ሥራዋ ሕመምተኞችን ማስታመም ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ያን ባሕር እንደገና ለማየት ትመኝ ነበር። በ2023 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፣ ከዱባይ ተነሥቶ በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ ቀይ ባሕር ገብቶ፣ በስዊዝ ቦይ አድርጎ እስከ ኢጣልያ የሚደርስ የመዝናኛ መርከብ መኖሩን ሰማች። መርከቡ በአሰብ አይቆምም፤ ነገር ግን ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ስለሚያልፍ «ከርቀትም ቢሆን የልጅነት አገሬን አየዋለሁ፤ ለልጄም አሳያታለሁ» ብላ ደስ አላት። የመነሻው ቀን ሚያዝያ 12 ቀን 2024 ዓ.ም. ነበር። ለእርሷና ለልጅዋ ዋጋው 3,000 ዩሮ ሆኖ፣ በመጀመሪያ ከመቶ 20 እጅ፣ ማለት 600 ዩሮ፣ ቀድማ ከፈለች።

ባብ ኤል መንደብ በዐረብኛ የእንባ በር ማለት መሆኑን በጂኦግራፊ ትምህርት ተምረናል። ስፋቱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ስዊዝ ቦይ በ1869 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በእስያና በአውሮፓ መካከል የሚመላለሰው ንግድ ብዙው ሲያልፍ የኖረው በዚህ ጠባብ በር ነው። የእኛም አገር የውጭ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ስለሚመጣ ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም።

በኅዳር 19 ቀን 2023 ዓ.ም. የየመን ሁቲዎች ጋላክሲ ሊደር የተባለውን የጭነት መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ያዙት። በታኅሣሥ 3 ቀን ደግሞ ሦስት የንግድ መርከቦች ተመቱ። አያቴ (የአባቴ እናት) ይህን ከሬድዮ በሰሙ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም። በማግሥቱ፣ ከኅዳር ጽዮን በዓል ሦስት ቀን በኋላ፣ ለአክስቴ አስደውለው «እኔ ያን ባሕር ዓሣ እየገዛሁበት ልጆቼን ያሳደግሁበት ነው። ዛሬ ግን የማውቀው ባሕር አይደለም። እኔ በሕይወት እያለሁ በእርሱ ላይ አትሄጂም» አሏት። አክስቴም እርሷ ራሷ ፈርታ ስለ ነበረ፣ ከእናቷም ቃል ለመውጣት ስላልወደደች፣ በዚያው ቀን ጉዞውን መሰረዟን ለኩባንያው ጻፈች።

የኩባንያው መልስ በሦስተኛው ቀን መጣ። በውሉ መሠረት ከመነሻው ቀን 60 ቀንና ከዚያ በላይ ሲቀረው የሚሰርዝ ሰው ከጠቅላላው ዋጋ 25 በመቶ ይከፍላል። ይህም 750 ዩሮ ነው። ስለዚህ ቀድማ የከፈለችው 600 ዩሮ እንደማይመለስላትና ገና 150 ዩሮ ጨምራ መክፈል እንዳለባት አስታወቃት።

አባቴ ነጋዴ ናቸው። ይህን በሰሙ ጊዜ በጣም ተቆጡ። «ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ ቀብዱን ያጣል፤ ይህ የታወቀ ነው። ቀብዱን ከወሰዱ በኋላ ደግሞ ጨምሪ ማለት ምን ዓይነት ንግድ ነው?» አሉ። እኔም ነገሩን ለኅብረተሰብ ትምህርት መምህራችን ባወራላቸው፣ «አባትህ በሚያውቁት ሕግ ትክክል ናቸው። ኩባንያው ግን በየትኛው ሕግ እንደሚናገር መርምርና ጻፈው» ብለው አዘዙኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ምርመራ ፍሬ ነው።

2ኛ. ቀብድ በአገራችን ሕግ

በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቀብድ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ይናገራል። ቀብድ መስጠት ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ ነው። ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቆ ውሉን ለማፍረስ ይችላል። ቀብድ የተቀበለው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። አባቴ በገበያ የሚያውቁት ልማድ በሕጉም ውስጥ እንደ ተጻፈ ሳገኝ ደስ አለኝ።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ሐረግ አለች። እርሷም «በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር» የምትለው ናት። አባቴ የረሱት ይህችን ነው። ውሉ ሌላ ነገር የሚል ከሆነ የሚጸናው የውሉ ቃል ነው።

የዚሁ ሕግ ቁጥር 1792 ደግሞ ከዐቅም በላይ ስለ ሆነ ኃይል ይናገራል። ይህም ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውና ግዴታውን ከመፈጸም በፍጹም የሚከለክለው ነገር ነው። ነገሩ ግዴታውን ከባድ ስላደረገው ብቻ ከዐቅም በላይ ነው አይባልም። እንግዲህ በዚህ ሚዛን ፍርሃትን ብንመዝነው ምን እናገኛለን? የመንገደኛው ግዴታ ገንዘብ መክፈል ነው። ሰው ባሕር ስለ ፈራ ገንዘብ ለመክፈል ተከልክሏል ሊባል አይችልም። ስለዚህ ፍርሃት፣ ምንም እንኳ እውነተኛ ቢሆን፣ ብቻውን ውልን የሚፈታ ኃይል የለውም። ፍርሃቱ የቆመበት ነገር ግን ኃይል ሊኖረው ይችላል። ይህን ልዩነት ልብ እንድትሉልኝ እለምናችኋለሁ፤ የቀረው ትምህርት ሁሉ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነውና።

3ኛ. ኩባንያው ለምን ገንዘብ ያስቀራል?

በመጀመሪያ ነገሩን በኩባንያው ዐይን እንመልከተው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ አውቶቡስ አንድ ወንበር ባዶ ይዞ ከወጣ፣ ባለቤቱ የዚያን ቀን ወንበር በማግሥቱ ሊሸጠው አይችልም። በርበሬ ወይም ጤፍ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ያልተሸጠው ነገ ይሸጥ ነበር። የመርከብ ክፍልም እንደ ወንበሩ ነው። መርከቡ ከወደብ ከለቀቀ በኋላ ባዶው ክፍል ዋጋ የለውም። ስለዚህ ኩባንያዎች የመነሻው ቀን በቀረበ መጠን የሚያስቀሩትን ገንዘብ ከፍ ያደርጋሉ። በአክስቴ ውል ውስጥ የነበረው ሰንጠረዥ ይህ ነበር፤

60 ቀንና ከዚያ በላይ ሲቀረው፣ 25 በመቶ፤
ከ59 እስከ 30 ቀን ሲቀረው፣ 40 በመቶ፤
ከ29 እስከ 15 ቀን ሲቀረው፣ 60 በመቶ፤
ከ14 ቀን በታች ሲቀረው፣ 80 በመቶ፤
በመነሻው ቀን ወይም ሳይመጣ ለቀረ፣ 95 በመቶ።

የሒሳብ ትምህርት የሚወድ ሰው ይህን በ3,000 ዩሮ ላይ ቢያሰላው ከ750 ጀምሮ እስከ 2,850 ዩሮ እንደሚደርስ ያገኘዋል።

እንዲህ ያለው ሰንጠረዥ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በደቃቅ ፊደል ሲሆን፣ መንገደኛው የሚያነበው ከከፈለ በኋላ ነው። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 ዓ.ም. የተፈረደ አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። በዋሽንግተን ግዛት የሚኖሩ ባልና ሚስት በመዝናኛ መርከብ ሲሄዱ ሚስቲቱ በሜክሲኮ ጠረፍ አጠገብ መርከቡ ላይ ወድቃ ተጎዳች። ክስ ለማቅረብ በፈለጉ ጊዜ፣ በቲኬቱ ላይ «ክርክር ሁሉ በፍሎሪዳ ፍርድ ቤት ይታያል» የሚል ቃል ተገኘ። ፍሎሪዳ ደግሞ በአገሩ በሌላው ዳር ናት። የፍርድ ቤቱ አብዛኞቹ ዳኞች ቃሉ ይጸናል ብለው ፈረዱ። በሐሳብ የተለዩት ዳኞች ግን ትልቅ ነገር አመለከቱ። ሰውዬው ቲኬቱን የሚያገኘው ከከፈለ በኋላ ነው፤ ቲኬቱም ገንዘብ አይመለስም ስለሚል፣ ቃሉን አንብቦ ባይወደው እንኳ ያለ ኪሳራ ወደ ኋላ ሊመለስ አይችልም አሉ። ከዚህ የምንማረው፣ ቲኬት ማለት የመግቢያ ወረቀት ብቻ ሳይሆን ሙሉ ውል መሆኑን ነው።

4ኛ. የመጀመሪያው ጥያቄ፤ ማን ሰረዘ?

መምህራችን ነገሩን በሦስት ጥያቄ እንድከፍለው መከሩኝ። እነርሱም ማን ሰረዘ? መቼ ሰረዘ? በምን ምክንያት ሰረዘ? የሚሉት ናቸው።

የሰረዘው ኩባንያው ከሆነ መልሱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ ያልተሰጠ አገልግሎት ዋጋ አይከፈልበትም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ2015 ዓ.ም. በወጣው የጥቅል ጉዞ መመሪያ መሠረት፣ አዘጋጁ ጉዞውን ከሰረዘ የተከፈለውን ሁሉ በ14 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት።

በአሜሪካም ይህን የሚመለከት ሕግ የወጣው ከትልቅ ኀዘን በኋላ ነው። በኅዳር 13 ቀን 1965 ዓ.ም. ያርማውዝ ካስል የተባለ የመዝናኛ መርከብ ከማያሚ ወደ ናሶ ሲሄድ በሌሊት እሳት ተነሥቶበት ሰጠመ። በዚህ አደጋ 90 ሰዎች ሞቱ። በሚከተለው ዓመት የወጣው ሕግ በአንድ በኩል ስለ መርከቦች ደኅንነት፣ በሌላ በኩል ስለ መንገደኞች ገንዘብ ደነገገ። ከአሜሪካ ወደቦች መንገደኛ የሚያሳፍሩና 50 ወይም ከዚያ በላይ መኝታ ያላቸው መርከቦች፣ ጉዞው ቢቀር ለመንገደኞች ገንዘባቸውን ለመመለስ የሚችሉ መሆናቸውን በዋስትና እንዲያረጋግጡ አስገደደ። በ2022 ዓ.ም. ደግሞ በደንቡ ላይ ማብራሪያ ተጨመረ። ጉዞው ቢሰረዝ ወይም መነሻው በሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ቢዘገይና መንገደኛው በዘገየው ጉዞ መሄድ ባይፈልግ፣ ገንዘቡን ለመጠየቅ ይችላል።

ነገር ግን ጉዞው ከተጀመረ በኋላ ቢቋረጥስ? ለዚህ በሕግ ተማሪዎች ዘንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። ሚካኤል ሌርሞንቶፍ የተባለ የሶቭየት መርከብ በየካቲት ወር 1986 ዓ.ም. ለ14 ቀን ሽርሽር ከሲድኒ ተነሣ። በየካቲት 16 ቀን በኒው ዚላንድ ጠረፍ ከዐለት ጋር ተጋጭቶ ሰጠመ፤ አንድ መርከበኛም ሞተ። አንዲት መንገደኛ ዋጋዬ በሙሉ ይመለስልኝ ብላ ከሰሰች። የከፈለችው 2,205 የአውስትራሊያ ዶላር ነበር። ኩባንያው ለቀሩት 5 ቀናት 787 ዶላር ከ50 ሳንቲም መልሶላት ነበር። 2,205ን ለ14 አካፍላችሁ በ5 ብታባዙት ይህንኑ ቍጥር ታገኛላችሁ። ነገሩ እስከ አውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1993 ዓ.ም. ተፈረደ። ፍርዱም፣ ሴትዮዋ ስምንት ሙሉ ቀን በጉዞው ስለ ተጠቀመች ዋጋው በሙሉ አይመለስላትም፤ ነገር ግን የመዝናኛ ጉዞ ዓላማው ደስታ ስለ ሆነ፣ ደስታዋ ወደ ኀዘን በመለወጡ ካሣ ይገባታል የሚል ነበር። እንግዲህ ዋጋ መመለስ አንድ ነገር፣ ካሣ ሌላ ነገር መሆኑን እናስተውል። መርከብ የሰጠመበት ሰው እንኳ ዋጋውን በሙሉ ካላገኘ፣ ገና ሳይሳፈር የፈራ ሰውማ ምን ያህል መጠንቀቅ አለበት!

5ኛ. ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ፤ መቼ? በምንስ ምክንያት?

አሁን ወደ አክስቴ ነገር እንመለስ። የሰረዘችው እርሷ ናት እንጂ ኩባንያው አይደለም። ከዚህ በላይ የጠቀስሁት የአውሮፓ መመሪያ በቁጥር 12 ላይ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ መንገደኛ ከመነሻው ቀን በፊት በማናቸውም ጊዜ ለመሰረዝ ይችላል፤ ነገር ግን ተገቢ የሆነ የስረዛ ክፍያ ይጠየቃል። ሁለተኛ፣ በሚሄድበት ቦታ ወይም በዚያ አቅራቢያ ሊያስወግዱት የማይቻልና ያልተለመደ ሁኔታ ደርሶ ጉዞውን በብርቱ የሚያናጋ ከሆነ፣ መንገደኛው ምንም ሳይከፍል ሰርዞ ገንዘቡን በሙሉ ይቀበላል። ተጨማሪ ካሣ ግን አያገኝም።

ይህን ያነበብሁ ዕለት «እንግዲያውስ አክስቴ ገንዘቧን ታገኛለች!» ብዬ ወደ ቤት ሮጥሁ። አባቴም ደስ አላቸው። ነገር ግን ገና ብዙ ያልተነበበ ነበር።

በየካቲት 29 ቀን 2024 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በዚሁ ቁጥር ላይ ሁለት ፍርድ ሰጠ። ሁለቱም ከኮሮና በሽታ ጋር የተያያዙ ነበሩ። በመጀመሪያው ጉዳይ አንድ መንገደኛ በሚያዝያ ወር 2020 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ለመሄድ ተዋውሎ ሳለ፣ በሽታውን ፈርቶ በመጋቢት 1 ቀን ሰረዘ። አዘጋጁም 25 በመቶ አስከፈለው። በመጋቢት 26 ቀን ጃፓን ለእንደዚህ ያሉ መንገደኞች በሯን ዘጋች። ሰውዬውም «ፍርሃቴ ትክክል እንደ ነበረ ጊዜው አሳየ፤ ገንዘቤን መልሱ» አለ። ፍርድ ቤቱ ግን የሚታየው በተሰረዘበት ቀን የነበረው ሁኔታ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የደረሰው አይቈጠርም ብሎ ፈረደ።

በሁለተኛው ጉዳይ ደግሞ ለመንገደኞች የሚጠቅም ነገር ተነገረ። መንገደኛው አደጋ መኖሩን ለማስረዳት የመንግሥት ማስጠንቀቂያ የግድ ማምጣት የለበትም። የሚጠየቀው፣ አስተዋይና ነገሩን በሚገባ የተረዳ ተራ መንገደኛ በዚያ ቀን ቢሆን ጉዞው በብርቱ ይናጋል ብሎ በምክንያት ያስብ ነበርን? የሚለው ነው። ነገር ግን ሲዋዋል አስቀድሞ ያወቀውን ወይም ሊያውቀው ይችል የነበረውን አደጋ በኋላ ምክንያት ሊያደርገው አይችልም።

አክስቴ የተዋዋለችው በነሐሴ ስለ ነበረ አደጋውን አስቀድማ አላወቀችም። በዚህ በኩል ነውር የለባትም። የሰረዘችው ግን በታኅሣሥ 4 ቀን ነው። በዚያ ቀን የተመቱት የጭነት መርከቦች ብቻ ነበሩ፤ እስከ መነሻውም አራት ወር ከሳምንት ይቀር ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን እናውቃለን። በታኅሣሥ አጋማሽ ታላላቅ የጭነት ኩባንያዎች መርከቦቻቸውን ከቀይ ባሕር መልሰው በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ በኩል ላኩ። በጥር ወር አሜሪካና እንግሊዝ የመንን በአውሮፕላን መቱ። በዚያው ወር የአክስቴ ኩባንያ ጉዞውን ራሱ ሰረዘና ያልሰረዙትን መንገደኞች ሁሉ ገንዘባቸውን በሙሉ መለሰላቸው። በመጋቢት ወር ሩቢማር የተባለው መርከብ ሰጠመ፤ ከአራት ቀን በኋላም ትሩ ኮንፊደንስ በተባለው መርከብ ላይ ሦስት መርከበኞች ተገደሉ።

እንግዲህ ነገሩ የሚያስቆጭ ነው። አክስቴ ስድስት ሳምንት ታግሣ ቢሆን ኖሮ 600 ዩሮዋ ሳይጐድል ይመለስላት ነበር። ፍርሃቷ ትክክል ነበረ፤ ነገር ግን ቀደመ። ሕጉ የሚመዝነው ማን ትክክል እንዳሰበ ሳይሆን፣ በዚያ ቀን ምን ይታይ እንደ ነበረ ነው። በታኅሣሥ 4 ቀን የነበረው ሁኔታ ይበቃ ነበርን? ብዬ መምህራችንን ብጠይቃቸው «በሁለቱም ወገን ክርክር አለው፤ ስለ 600 ዩሮ ግን ጠበቃ የሚያቆም ሰው ጥቂት ነው» አሉኝ። ይህም ራሱ አንድ ትምህርት ነው። መብት አለኝ ማለትና መብትን በእጅ ማስገባት አንድ አይደለም።

6ኛ. ኢንሹራንስስ?

አክስቴ የጉዞ ኢንሹራንስ ገዝታ ነበር። ስትጠይቃቸው ግን የሰጧት መልስ «አንቺ ወይም የቅርብ ዘመድሽ ብትታመሙ፣ አደጋ ቢደርስባችሁ፣ ከሥራም ብትወጪ እንከፍላለን፤ ስለ ፈራሽ ግን አንከፍልም» የሚል ነበር። ይህ የአንድ ኩባንያ ክፋት አይደለም። ተራ የጉዞ ኢንሹራንስ የሚከፍለው በውሉ ላይ በስም ለተጻፉ ምክንያቶች ብቻ ሲሆን፣ ፍርሃት ከእነርሱ ውስጥ አይገኝም። ጦርነትም ብዙ ጊዜ ተለይቶ ይወጣል።

በአሜሪካ አገር በማናቸውም ምክንያት ለመሰረዝ የሚያስችል ልዩ ኢንሹራንስ ይሸጣል። ይህ ፍርሃትንም ይሸፍናል። ነገር ግን ዋጋው ከተራው የበለጠ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍያ ከተከፈለ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መገዛት አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰውም ከ50 እስከ 75 በመቶ እንጂ ሙሉውን አይደለም። ዝናም ከጀመረ በኋላ ጃንጥላ ልግዛ የሚል ሰው ጃንጥላውን እንደማያገኝ፣ አደጋው በዜና ከተሰማ በኋላ ኢንሹራንስ ልግባ የሚልም ያን አደጋ የሚሸፍንለት አያገኝም።

7ኛ. የነገሩ ፍጻሜ

ምርመራዬ ያለ ፍሬ አልቀረም። በዚያው በቁጥር 12 ላይ፣ መንገደኛው ከጠየቀ አዘጋጁ የስረዛውን ክፍያ መጠን ምክንያት የማስረዳት ግዴታ እንዳለበት ተጽፎ አገኘሁ። ክፍያው መመዛዘን ያለበት ኩባንያው ከሚያተርፈው ወጪና ክፍሉን ለሌላ ሰው በመሸጥ ከሚያገኘው ገቢ ጋር ነው። ይህን ለአባቴ ባነበብሁላቸው፣ እርሳቸው ስልኩን አንሥተው ለአክስቴ ነገሯት። እርሷም በትሕትና ደብዳቤ ጽፋ «ከአራት ወር በላይ ሲቀረው የለቀቅሁት ክፍል 750 ዩሮ ያሳጣችሁ እንዴት እንደ ሆነ አስረዱኝ» ብላ ጠየቀች። ደብዳቤው የተጻፈው ኩባንያው ጉዞውን ራሱ ከሰረዘ በኋላ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ አጭር መልስ መጣ። የ150 ዩሮውን ጥያቄ ትተናል፤ 600ው ግን አይመለስም የሚል ነበር።

አባቴ ይህን ሰምተው ሳቁና «እንግዲህ እዚያም ዞሮ ዞሮ የመርካቶ ሕግ ሆነ፤ ቀብዱ ብቻ ሄደ» አሉ።

እኔ ግን ለአክስቴ ስላዘንሁ፣ በስልክ ባገኘኋት ጊዜ «ስድስት ሳምንት ብትታገሺ ኖሮ» ብዬ ጀመርሁ። አላስጨረሰችኝም። «ልጄ፣ በእነዚያ ስድስት ሳምንታት እናቴ እንቅልፍ ታጣ ነበር። ፈሪ ለእናቱ ሲባል አልሰማህም? ስድስት መቶው የእናቴ እንቅልፍ ዋጋ ይሁን፤ ብቻ ስለሱ ለእርሷ እንዳትነግራት» አለችኝ። አያቴ እስከ ዛሬ ድረስ ገንዘቡ በሙሉ የተመለሰ ይመስላቸዋል። መጽሔታችንን እርሳቸው ስለማያነቡት በዚህ ስጽፈው አልፈራሁም፤ የምታውቋቸው ሁሉ ግን እንዳትነግሯቸው አደራ።

8ኛ. ከዚህ ምን እንማራለን?

ወላጆችና ጓደኞቼ በቃል እንዲይዙት የተማርሁትን በአምስት ቃል አሳጥሬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከመክፈል በፊት የስረዛውን ሰንጠረዥ ማንበብ ነው። ቀብዱን ብቻ አጣለሁ ብሎ ማሰብ አይበቃም።

ሁለተኛ፣ ቀኖቹን በቀን መቍጠሪያ ላይ ማመልከት ነው። ክፍያው ከፍ የሚልበት ቀን ሩቅ ከሆነና አደጋው ገና ያልተለየ ከሆነ፣ እስከዚያ ቀን ዋዜማ መታገሥ ምንም አያስጨምርም። ምናልባትም ኩባንያው ራሱ ይሰርዝ ይሆናል። ነገር ግን ቀኑ ሲደርስ መቍረጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ከመሰረዝ በፊት ሌላ ቀን ወይም ሌላ መንገድ እንዲለውጡ መጠየቅ ነው። መሰረዝ በሩን ይዘጋል፤ መጠየቅ ግን አይዘጋውም።

አራተኛ፣ የምንሰርዝ ከሆነ ምክንያቱንና በዚያ ቀን የተሰማውን ዜና በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው። የሚመዘነው የዚያ ቀን ሁኔታ ስለ ሆነ፣ ማስረጃውም የዚያ ቀን መሆን አለበት።

አምስተኛ፣ የተጠየቀውን ክፍያ ሁሉ ዝም ብሎ አለመክፈል፣ ነገር ግን ሳይቆጡ ምክንያቱን መጠየቅ ነው። በእኛ ቤት የ150 ዩሮው ጥያቄ የቀረው በአንድ የትሕትና ደብዳቤ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ገንዘብ ቢጠፋም ሕይወትን ማዳን እንደሚሻል የሚጠራጠር የለም። ሕጉም አትፍራ አይለንም፤ የፍርሃትህን ዋጋ አስቀድመህ እወቅ ይለናል እንጂ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለው፣ ውሉን ከመፈረም በፊት ያነበበ ሰው በኋላ ለሕይወቱና ለኪሱ በአንድ ጊዜ አይጨነቅም።

በጽሑፌ ውስጥ ስሕተት ያገኘ አንባቢ ቢያርመኝ በደስታ እቀበላለሁ።